ወጣቱ ይምራ፣ ማህተሙ እኛ ዘንድ ይቆይ

«የጎጃም ሰው በወጣት አያምንም» የሚሉ ሐሜተኞች አገሩን ረግጠውት አያውቁም። ከደጀን ተነስቶ በደብረ ማርቆስና በፍኖተ ሰላም አድርጎ እስከ ዳንግላ የዘለቀ ሰው፣ በየቀበሌው አንድ ወጣት አመራር ሳያይ አይመለስም። ልጁን መለየት አይከብድም። ከስሙ ፊት «ተወካይ» የምትል ነገር አለችው፤ ተወካይ ሊቀ መንበር፣ ተወካይ ሥራ አስኪያጅ፣ ተወካይ ኃላፊ። «ዋናውስ?» ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ አይጠፋም። ዋናው ስብሰባ ላይ ናቸው።

ይህን ዘዴ የፈለሰፈ ሰው ሽልማት ይገባዋል። ሥልጣንን ለልጅ ማስረከብ ድሮ እንዴት ያስፈራ ነበር! ደሙ ትኩስ ነው፤ ሳይታሰብ የባለጉዳይን ጉዳይ በመጣበት ቀን ሊጨርስለት ይችላል። ዛሬ ይህ ስጋት የለም። ወንበሩን ለልጁ ለቆ የመሳቢያውን ቁልፍ ይዞ መሄድ ነው። ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ፣ ቁልፉ ኪስ ውስጥ፣ ኪሱ ባህር ዳር።

አሠራሩ ምን ያህል እንደበሰለ ማየት የፈለገ በሰኔ ይምጣ። ዝናቡ ጥሏል፣ መሬቱ ለስልሶ ዘር ይጠብቃል፣ ዩሪያው ግን ወይ የለም፣ ወይ ለግማሹ ሰው እንኳ አይበቃም። በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው አደባባይ የወጣበትን ጊዜ ማን ይረሳል? እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ነው ሊቀ መንበሩ ለወጣቱ ያላቸው ፍቅር ገንፍሎ የሚወጣው። «ልጆቹ ዛሬ ካልተለማመዱ መቼ ሊለምዱ ነው?» ይሉና ሥልጠና ይሄዳሉ። ተወካዩ ከማኅበሩ መጋዘን ደጃፍ የስም ዝርዝር ይዞ ይቆማል። ፊት ለፊቱ ጋቢና ዱላ ተሰልፏል። አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው ከእግር እስከ ራሱ ያዩታል።

«የማን ልጅ ነህ አንተ?»

የአባቱን ስም ይነግራቸዋል።

«እሱስ ሰው ነበር» ይላሉ።

ልጁ ቀኑን ሙሉ ይሰደባል፤ ማታም እናቱ ቤት ድረስ ተከትለው ይሰድቡታል። ማዳበሪያ የጫነው መኪና የመጣ ዕለት ደግሞ ሊቀ መንበሩ ከመኪናው ቀድመው ደርሰዋል። እጃቸውን ከረጢቱ ላይ ጣል አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። ፎቶውን የሚያነሳው ተወካዩ ነው። በዚህም ቢሆን ተሳትፎው አልተጓደለም።

ስብሰባ ላይማ ያለ እሱ ምንም አይሆንም። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ማን ሆነና? «በሁሉም ውሳኔ ውስጥ የወጣቱ እጅ አለበት» ተብሎ ለወረዳ የሚላከው ሪፖርት ቅንጣት ውሸት የለበትም፤ በእጁ ጽፎታል። የራሱ ሐሳብም ቢሆን ማዕረጉን የጠበቀ ቦታ አለው፣ ከአጀንዳው መጨረሻ «ልዩ ልዩ» ከምትለዋ ሥር። እዚያ ሲደረስ ግማሹ ተሰብሳቢ ቆቡን ይፈልጋል፣ ግማሹ የአበል ወረቀት ላይ ይፈርማል። ልጁ የተበላሸውን የውሃ ቦኖ ለማስጠገን ስንት ብር እንደሚፈጅ፣ ብሩም ከየት እንደሚመጣ አስልቶ ያስረዳል። «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ በቀጣይ ይታያል» ይባላል። ይህንንም ራሱ ይጽፈዋል።

ሕጉም ቢሆን ለወጣት አልሰሰተም። የ1996ቱ ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ወጣት ይለዋል። የአፍሪካ የወጣቶች ቻርተር ቸር ነው፣ እስከ 35 ይዘልቃል። የኛ መድረክ ከሁለቱም ይብሳል፤ የወጣት ኮፍያ ደፍተው ከፊት ወንበር ከሚቀመጡት ውስጥ ልጅ የዳሩም አሉበት። (ኮፍያው ሽበት መሸፈኑ ሌላው ጥቅሙ ነው።) የምርጫ ሕጉም 21 ዓመት የሞላው ይወዳደር ብሏል። እንግዲህ መብቱ ተሟልቷል፣ የጎደለው ምርጫው ብቻ ነው። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ሚያዝያ ነበር። በ2010 ሊደረግ የታሰበው ተራዘመ፣ ከዚያም ወዲህ እንደተራዘመ አለ። ያኔ የ17 ዓመት ጎረምሳ የነበረ ልጅ ተራውን ሲጠብቅ ሲጠብቅ 29ኙን አልፎ ከወጣትነት በክብር ተሰናብቷል፤ የቀበሌውን ሰው አንድ ቀን እንኳ ሳይመርጥ። ከስንቱ ጸጸት እንደዳነ አስቡት። «ማን መረጣቸው?» ሲባል ደረቱን ነፍቶ «እኔ የለሁበትም!» ማለት የሚችል ትውልድ አፍርተናል።

ሥርዓት ባልነበረበት ዘመን የደረሰውን ስናስብማ ያሳዝናል። በላይ ዘለቀ ጣሊያን ሲገባ ገና ጎልማሳ ያልሆነ ልጅ ነበር። ማንም ተወካይ ብሎ ሳይመድበው፣ ሥልጠና ሳይወስድ፣ አበል ሳይፈርም ሕዝብ መራ። ለተከታዮቹ ማዕረግ ሲያድል «የአንተስ?» ቢሉት «እናቴ በላይ ብላኛለች፣ ይበቃኛል» አለ ይባላል። ይህ ሰው የዛሬን ግምገማ የሚያልፍ ይመስላችኋል? «ልምድ ያንሰዋል፣ ግልፍተኛ ነው፣ መዋቅር ይጥሳል» ተብሎ ቢበዛ ለስፖርት ባለሙያ ረዳት ይደረግ ነበር፤ እሱም ኳስ ከተገኘ።

የመንደሩም ሰው የድርሻውን አልነፈገም። ለፊርማ ሲመጣ «አንቱ»፣ ፊርማው ሲያልቅ «አንተ ልጅ» ይለዋል። ሠርግ ላይ ተወካዩን ከሽማግሌ ጋር ማስቀመጥ ድፍረት፣ ከጎረምሳ ጋር ማስጨፈር ውርደት ስለሚሆን፣ መሃል ላይ ጠላ ሲቀዳ ያመሻል።

ትዕግሥት የሌለው ጥሎ ይሄዳል፤ ባጃጅ ይነዳል፣ ወይም አዲስ አበባ ይገባል። ታጋሽ ግን ይደርሳል። አንድ የማውቀው ልጅ፣ ቦኖውን አስልቶ ያቀረበው፣ አምና «ተወካይ» የምትለዋ ተነሳችለት። ኮት ገዛ፣ ንግግሩ ረጋ አለ፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው» ማለትን ተካነ። ቦኖው አሁንም ጠብ አይልም፤ እሱ ግን ስለ ቦኖው ዘለግ ያለ ሪፖርት ያቀርባል። ዕድሜው 31 ነው። ሰሞኑን ስብሰባ ሲከፍት ከኋላ የተቀመጡትን ቃኘ ቃኘ አደረገና፣ «እስቲ አንተ ጎረምሳ፣ ጽሕፈትህ ሳያምር አይቀርም፣ ና ቃለ ጉባኤ ያዝ» አለ።