ቀብድ ከተያዘ በኋላ የሚመጣ ጭማሪ

ሰርጉ ሳምንት ሲቀረው ስልክ ይደወላል። «ጋሼ፣ ሁሉም ነገር ተወዷል፤ ሦስት ሺህ ብር ይጨምሩልኝ።» ደንበኛው ሌላ ፎቶ አንሺ የሚፈልግበት ጊዜ ስለሌለው ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ግን ለጎረቤት የሚያወራው ስለ አልበሙ ሳይሆን ስለዚያች ሦስት ሺህ ብር ነው።

ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ካሜራው፣ ሜሞሪ ካርዱ፣ የፎቶ ወረቀቱና ቀለሙ ሁሉ በአዲስ ዋጋ ነው የሚገዛው። በግላቸው የሚሠሩ የጎንደር ፎቶና ቪዲዮ አንሺዎች፣ ግራፊክስ ሠሪዎችና ተርጓሚዎች ዋጋ መጨመራቸው ስለዚህ አያስወቅስም። የሚያስወቅሰው ቀብድ ከያዙ በኋላ መናገራቸው ነው።

ሕጉም አያግዛቸውም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ቁጥር 1764፣ ሥራው ከታሰበው በላይ ቢከብድም ውሉ እንደጸና ይቆያል ይላል። ቁጥር 1883 ቀብድ መስጠትን የውል መኖር ማስረጃ ያደርገዋል። በቁጥር 1885 ደግሞ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ አጠፌታውን ይመልሳል። 5 ሺህ ብር ቀብድ ይዞ «በዚህ ዋጋ አልሠራም» ያለ ባለሙያ 10 ሺህ ብር ሊከፍል ይችላል ማለት ነው።

ከመናገር በፊት ሒሳቡን መሥራት ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ የሰርግ ሥራ በ15 ሺህ ብር ይሠራ ነበር እንበል። ለአልበም፣ ለረዳትና ለትራንስፖርት 5 ሺህ ይወጣ ነበር፤ አሁን 8 ሺህ ሆኗል። ወጪው 60 በመቶ ስለጨመረ ዋጋውን 60 በመቶ አሳድጎ 24 ሺህ መጥራት ስህተት ነው። የጎደለው 3 ሺህ ብር ነው፤ አዲሱ ዋጋ 18 ሺህ፣ ጭማሪውም 20 በመቶ ነው። አሁን ደግሞ ከተቃራኒው ይታይ። ወጪው 8 ሺህ ሆኖ በድሮው ዋጋ አሥር ሰርግ ቢሠራ በእጅ የሚቀረው 70 ሺህ ነው፤ በአዲሱ ዋጋ ሰባት ሰርግ ያንኑ 70 ሺህ ያስገኛል። ከአሥር ደንበኛ ሦስቱ ቢሄዱ እንኳ በእጅ የሚቀረው አይነካም፣ ድካሙም ይቀንሳል። ይህን ቁጥር በወረቀት ያላየ ሰው የመጀመሪያው ደንበኛ ፊቱን ሲያጠቁር ወዲያው ወደ ድሮው ዋጋ ይመለሳል።

ጊዜውን የሚወስነው የሥራው ወቅት ነው። ጎንደር ውስጥ የሰርጉ ጫና ከጥምቀት ማግስት እስከ ዓቢይ ጾም መግቢያ፣ ከዚያም ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። የጥር ሰርግ ቀብዱ ቀድሞ ስለሚያዝ አዲሱ ዋጋ መስከረም ላይ መነገር አለበት። በየወሩ ለሚያሠራ ሆቴል ወይም ሱቅ የ30 ቀን ማስታወቂያ ይበቃል። ለአዲስ ደንበኛ ምንም ማስታወቂያ አያስፈልግም፤ አዲሱን ዋጋ መጥራት ብቻ ነው።

መልእክቱ ይህን ቢመስል ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ከጥቅምት 1 ቀን ጀምሮ የሰርግ ፎቶና ቪዲዮ ዋጋዬ 18 ሺህ ብር ይሆናል። እስከ መስከረም 30 ቀብድ ለሚያሲዝ በ15 ሺህ እሠራለሁ። አሁን በእጄ ያለው የልጅዎ ሥራ በተስማማንበት ዋጋ ይጠናቀቃል።»

ቀን፣ ቁጥር፣ የተጀመረው ሥራ ዕጣ፤ ሌላ ምንም የለበትም። የዶላሩን፣ የቤት ኪራዩንና የቀለሙን ዋጋ መዘርዘር እያንዳንዱን መስመር ለክርክር መክፈት ነው፤ ደንበኛው «ቀለም እኮ አዘዞ ጋ ርካሽ ነው» ይልና ወሬው ወደ ቀለም ይዞራል። «ልጨምር አስቤ ነበር» ማለትም ያው ነው፤ ያሰበ ሰው ሐሳቡን ሊቀይር ይችላላ።

«አስተያየት አድርግልን እንጂ» መባሉ አይቀርም። (ይህ ጽሑፍም አስተያየት ነው፤ ቅናሽ ግን የለውም።) መልሱ ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን መቀነስ ነው። የመልሱ ቀን ቀረጻ ይቅር፣ የአልበሙ ገጽ ከ40 ወደ 30 ይውረድ፣ በሁለት ካሜራ ፋንታ በአንድ ይሠራ፤ ይህም በግልጽ ይነገር። በይሉኝታ ዋጋውን እንደነበረ ትቶ በድብቅ ቀጭን ወረቀት ማስገባት ከሁሉ የከፋ ጭማሪ ነው። ለአንዱ 15፣ ለሌላው 18 መጥራትም አያዋጣም። እዚህ ከተማ ሁለት ደንበኞች በአንድ እድር ወይም በአንድ ሰንበቴ መገናኘታቸው አይቀርም፤ የሠርግ ዋጋ ደግሞ ጥሩ የጠላ ወሬ ነው።

መሥሪያ ቤቶችና በጀት ያላቸው ድርጅቶች ለየት ይላሉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሰኔ 30 ተዘግቶ ሐምሌ 1 ይከፈታል፤ ነሐሴ ላይ የሚነገር ጭማሪ የተያዘለት ገንዘብ የለም። ለእነሱ የሚነገረው መጋቢት ወይም ሚያዝያ ላይ፣ በደብዳቤ ነው። በፕሮፎርማው ላይ «ይህ ዋጋ ለ15 ቀን የጸና ነው» የሚል መስመር ይግባ። የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ የሆነ ሰው 15 በመቶው በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩንም ይጻፍ። 18 ሺህ ታክሱን ጨምሮ ከተባለ ለባለሙያው የሚቀረው 15,652 ብር ነው፤ ከ3 ሺህ ብሩ ጭማሪ የተረፈው 652 ብር ብቻ ይሆናል።

በቴሌግራም የተላከው መልእክት ሁለት የመነበብ ምልክት አሳይቶ መልስ ካልመጣ እንደ እሺታ አይቆጠርም። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ደውሎ «አዲሱን ዋጋ አይተውታል ወይ?» ብሎ መጠየቅና «አዎ» መባልን መስማት ያስፈልጋል። ቀብዱም የሚያዘው ከዚያ በኋላ ነው።