“ራን” ማለት መሮጥ ብቻ አይደለም

አገር ቤት እንግሊዝኛን የተማርነው በጥንድ ነው። ደብተሩ መሐል ለመሐል ይሰመራል፣ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አማርኛው ይጻፋል። “ራን” ሮጠ፣ “ስታንድ” ቆመ፣ “ጌት” አገኘ። ለክፍል ፈተና ይህ በቂ ነበር። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ሲሆን ደግሞ ረጃጅም ቃላት መሰብሰብ እንጀምራለን። ጎበዝ የሚባለውም ረጅም ቃል የሚያውቀው ነው።

ውጭ አገር ሲኖሩ ግን ረጃጅሞቹ ቃላት ብዙም አያስቸግሩም። “ፎቶሲንተሲስ” እዚህም እዚያም ያው ነው። ሰውን መድረሻ የሚያሳጡት ሦስትና አራት ፊደል ያላቸው፣ ሁሉም አውቃቸዋለሁ የሚላቸው ቃላት ናቸው። “ራን” ደግሞ ከሁሉም ትብሳለች።

የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሆነው ፒተር ጊሊቨር ይህችን አንድ ቃል ሲመረምር ዘጠኝ ወር ያህል ፈጅቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራው ሲጠናቀቅ ለግሱ ብቻ 645 ትርጉም ተለይቶ ነበር። ከዚያ በፊት በ1989 በወጣው ሁለተኛ እትም ብዙ ትርጉም በመያዝ የምትመራው “ሴት” (set፣ አስቀመጠ) የምትለዋ የእንግሊዝኛ ግስ ነበረች፤ እሷም 430 ያህል ነበራት። ማሽኑ፣ ኮምፒውተሩ፣ ድርጅቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ “ይሮጣል”፤ ቃሏ እንዲህ ብትበዛ አይገርምም።

እስቲ ጥቂቶቹን እንያቸው። ቧንቧው “ራን” ካደረገ ውሃው እየፈሰሰ ነው። ሴትየዋ ድርጅት “ራን” ካደረገች ታስተዳድራለች። አውቶቡሱ እሑድ “ራን” አያደርግም ከተባለ አገልግሎት የለም። አለቃ “ራኒንግ ሌት ነኝ” ካለ አርፍዷል፤ መኪና ውስጥ ቁጭ ብሎም ሊሆን ይችላል። ዕቃ “ራኒንግ ሎው” ከሆነ ሊያልቅ ነው። አሜሪካዊው ለምርጫ “ራን” ያደርጋል፣ እንግሊዛዊው ለዚያው ምርጫ “ስታንድ” ያደርጋል። አንዱ ይሮጣል፣ አንዱ ይቆማል፤ ሁለቱም ግን እየተወዳደሩ ነው።

ተመሳሳይ ቃል ፈልጉ ሲባልም ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በፈተና ወረቀት ላይ አራት ምርጫ ቀርቦ አንዱ ይከበባል። “ራን” ግን ብቻዋን ሳለች ተመሳሳይ የላትም። ከድርጅት ጋር ስትሆን “ማኔጅ” ይተካታል፣ ከውሃ ጋር “ፍሎው”፣ ከማሽን ጋር “ኦፐሬት”። ውሃን “ማኔጅ” አደረገ ብትሉ ሌላ ነገር ተናገራችሁ። ተመሳሳዩን የሚወስነው ጎረቤቷ ነው። ስለዚህ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማስጠናት ልጆቻችንን ይጎዳል ብዬ አምናለሁ። ቃሉን ከነጎረቤቱ፣ ከነሙሉ ዓረፍተ ነገሩ ማስጻፍ አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጨምረው።

ጉዳቱ ደግሞ ከማርክ ያልፋል። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ክሊኒክ ገብታ ነርሷ “ኢዝ ሺ ራኒንግ ኤ ፊቨር?” ስትላት ሰምቻለሁ። ልጅቷ ትኩሳት አላት ወይ ማለቷ ነው። እናትየው የያዘችው የምታውቀውን ትርጉም ነው። “ኖ ራን፣ ስሊፕ” አለች፤ አልሮጠችም፣ ተኝታ ነው የዋለችው ለማለት። ነርሷ ትኩሳት የለም ብላ ልትጽፍ እጇን ኪቦርዱ ላይ ስታደርግ አብራት የመጣችው ዘመዷ ደርሳ አቃናችው። ያቺ እናት እንግሊዝኛ አታውቅም አይባልም። አንዱን ትርጉም አስተምረን 644ቱን የደበቅናት እኛው ነን።

እዚህ ላይ አሜሪካ ላላችሁ ወገኖቼ አንድ ነገር ልበል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ቋንቋው ለማይገባው ታካሚ በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። ዋሽንግተን ዲሲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አውጥታለች፤ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። “አማርኛ አስተርጓሚ” ማለት ነውር የለበትም። እባካችሁ የስምንት ዓመት ልጅ የእናቱን ሕመም እንዲያስተረጉም አታድርጉ።

ፈረንጆቹ ለትንንሽ ቃሎቻቸው የሰጡት ክብር ያስቀናኛል። የኦክስፎርዱ መዝገበ ቃላት የመጀመሪያው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1884 ታትሞ መጀመሪያው እትም እስኪያልቅ 1928 ደርሷል። በየቦታው ያሉ በጎ ፈቃደኞች ከሚያነቡት ሁሉ ምሳሌ ዓረፍተ ነገር በቁራጭ ወረቀት እየገለበጡ በፖስታ ይልኩ ነበር። የአንድ ቃል ትርጉም የሚቆመው ማን መቼ እንዲህ ብሎ ጻፈ በሚል ማስረጃ ነው።

እኛም እኮ የሚያንስ ቋንቋ የለንም። “ያዘ”ን ተመልከቱ። ቀጠሮ ያዘ፣ ታክሲ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ወረፋ ያዘ። ዝናብ ያዘን። እንቅልፍ አልያዘኝም። ጀሪካኑ ሃያ ሊትር ይይዛል። ውጭ ተወልደው አማርኛ የሚማሩ ልጆች እኛ በ“ራን” የደረሰብንን በ“ያዘ” እያዩት ነው። አንዷ ልጅ “ስልኩ ተይዟል” ሲሏት “ማን ያዘው?” ብላ ጠየቀች። ወንድሟ ደግሞ “ጉንፋን ያዝኩ” ይላል። እንግሊዝኛው ላይ ጉንፋኑን የሚይዘው ሰውየው ነውና በዚያው ወሰደው። በአማርኛ ያዡ ጉንፋኑ ነው። ይህን ልዩነት ቁጭ ብሎ የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልጋል፣ “አይባልም” ብቻ አይበቃም።

መዝገበ ቃላት የለንም ማለቴ አይደለም። የደስታ ተክለ ወልድ ታላቅ ሥራ በ1962 ዓ.ም. ታትሟል፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የቋንቋዎች ምርምር ማዕከልም በ1993 ዓ.ም. የራሱን አውጥቷል። እኔ የምመኘው የጎደለውን ነው፦ እያንዳንዱን አጠቃቀም ከነዓረፍተ ነገሩ፣ ከነዘመኑ የሚያስቀምጥ ሥራ። ዛሬ ደግሞ ቁራጭ ወረቀትና ፖስታ አያስፈልግም። አገር ቤት ያለው የሚሰማውን፣ ውጭ ያለው ልጁ የጠየቀውን በስልኩ መዝግቦ አንድ ቦታ ማኖር ይቻላል።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ “ገባ” ትሁን። ቤት ገባ፣ ሥራ ገባ፣ ቃል ገባ፣ ዕዳ ገባ፣ ጣልቃ ገባ፣ ክረምት ገባ፣ ነገሩ ገባኝ። እነዚህ ሰባት ናቸው፤ የቀረውን እናንተ ጨምሩበት።