የማን ውሻ ነው?

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፤ አዲስ አበባ ጫፍ ላይ የሚኖር ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል። ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ታክሲ ለመያዝ የሚወጣ ሰው እጁ ላይ ዱላ አለ፤ ዱላ ከሌለ ድንጋይ አለ። እኔም ዎክ ስወጣ ኪሴ ውስጥ ጠጠር ቢጤ አላጣም። ውሻ እወዳለሁ፣ ግን አምስት ሆነው ሲመጡ መውደዴን የሚጠይቀኝ የለም።

በቅርቡ በእኛ ሰፈር የነዋሪዎች ስብሰባ ነበር። ስለ ውሃ ተነሣ፣ ስለ መብራት ተነሣ፣ ከዚያ እንደተለመደው ውሻ መጣ። አንድ አባት ቆም ብለው «ልጆቻችን በሰላም ትምህርት ቤት ይሂዱልን፤ መርዝ ይገዛና ይለቅ» አሉ። ቤቱ አጨበጨበላቸው። አልፈርድባቸውም። የልጅ ልጃቸውን በየጠዋቱ የሚያደርሱት እሳቸው ናቸው። ግን እዚያ ቁጭ ብዬ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ሰው «ባለቤት የሌላቸው ውሾች» ይላል። እነዚህ ውሾች ከየት መጡ ታዲያ? ከሰማይ ወረዱ?

ኮንዶሚኒየም ሲሠራ ያየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ግንባታው ሲጀመር ዘበኛ ይቀጠራል። ዘበኛው በቆርቆሮ በተመታች ክፍል፣ በዚያ ብርድ፣ ሌሊቱን ብቻውን አይገፋውም፤ ቡችላ ያመጣል። ብዙ ጊዜ ስሙ ቦቢ ነው። ብረቱንና ሲሚንቶውን በእውነት የሚጠብቀው ቦቢ ነው፣ ዘበኛውማ ጋቢውን ተከናንቦ ተኝቷል። ደመወዙ የዘበኛው ትራፊ ናት። ሕንፃው ያልቃል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ቁልፍ ይሰጣል፣ ዘበኛው ወደ ሌላ ሳይት ይሄዳል። ቦቢ እዚያው ይቀራል። ከዚያ ቦቢ ሚስት ያገኛል፣ እኛም ቤታችንን ተረክበን እንገባና «ይሄ ሁሉ ውሻ ከየት መጣ» እንላለን። ቦቢ ግን ከእኛ በፊት ነው የገባው።

ከእኛ ብሎክ ጀርባ ያላለቀ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ አንዲት ቡናማ ውሻ ወልዳለች። የግራ ጆሮዋ ተቀዷል። ቆሻሻ የሚያነሱት ልጆች የቀሩ ቀን ማዳበሪያውን ቀዳ የሽንኩርት ልጣጩን በአፍንጫዋ እየገፋች እንጀራውን ብቻ መርጣ ትበላለች። የሰፈሩ ልጆች ከምሳ ዕቃቸው ዳቦ እየቆረሱ ይጥሉላታል። ድንጋይ የሚወረውሩባትም እነሱው ናቸው፣ ያውም በዚያው ቀን። እሷም የቱ ልጅ ዳቦ የቱ ልጅ ድንጋይ እንደያዘ ስለማታውቅ ሁሉም ላይ ትጮኻለች። ምን ታድርግ?

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሉካንዳው ይዘጋል፣ አጥንት ይጠፋል፣ ውሾቹ ይከሳሉ፤ እኔ እንደታዘብኩት ቁጡ የሚሆኑትም ያኔ ነው። የእኛ ጾም የእነሱም ጾም ነው፣ ሳይጠየቁ። ይሄ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ትግራይ ውስጥ በጅቦች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ፤ በዐቢይ ጾም ሰው ሥጋ ሲያቆምና ትራፊው ሲጠፋ ጅቦቹ ፊታቸውን ወደ አህያ እንደሚያዞሩ ነው ያገኘው። አህያ መቼም ዕድል የላትም። ቢሾፍቱ የነበረው የአህያ ቄራ በሕዝብ ጩኸት 2009 ዓ.ም. ተዘጋ፣ የአፍሪካ ኅብረትም የካቲት 2016 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስቦ አህያ ለቆዳዋ እንዳትታረድ ወሰነ። ደስ ይላል። ግን ያቺ ከሞት የተረፈች አህያ ዛሬም ጀርባዋ ቆስሎ፣ ዝንብ ወርሯት፣ አሸዋ ተጭና ዳገቱን ስትወጣ ዞር ብሎ የሚያይ የለም። ለመሞቷ እንጮኻለን፣ ለኑሮዋ ግን ዝም።

ወደ መርዙ ልመለስ። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ ከሚያዙ ሰዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት የሚይዛቸው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ ደግሞ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። መጀመሪያ ባህል መድኃኒት ልሞክር ማለት በራስ ላይ መፍረድ ነው።

መርዝ ግን በሽታውን አያጠፋም። አሥር ውሻ ብትገድሉ የቆሻሻ ገንዳው እዚያው ስላለ ከሚቀጥለው ሰፈር ሌላ አሥር ይመጣል፣ ያውም ክትባት ያላየ፣ ሰፈሩን የማያውቅ፣ ሰውን የሚፈራ። የዓለም ጤና ድርጅት የሚለው ሌላ ነው፦ ከአካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የተከተበ ውሻ ሲኖር እኮ ሰፈሩ አጥር አገኘ ማለት ነው፤ ሲገደል አጥሩ አብሮ ይሄዳል።

መርዙ ውሻው ሆድ ውስጥ አይቀርም፣ ይሄም አለ። ሬሳውን ጥንብ አንሳ ይበላዋል፣ ማታ ጅብ ይበላዋል። ቄራ አካባቢ የምናያት ያቺ ራሷ የተመለጠ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት ከተቃረቡት ወፎች አንዷ ናት፣ አፍሪካ ውስጥ ትልቁ ገዳይዋም መርዝ ነው። ሕንድ ውስጥ ምን እንደሆነ እንይ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ለከብት የሚሰጥ ዳይክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ ጥንብ አንሶቹን ፈጃቸው። ሬሳ የሚበላ ወፍ ሲጠፋ የተረፈው ሥጋ ለውሻ ሆነ፣ ውሻ ተራባ፣ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ ተነሣ። እኛ ደግሞ ውሻ እናጥፋ ብለን ጥንቡን የሚያነሳልንን ልንጨርስ ነው።

ምን ይደረግ ለሚለኝ፣ የሚደረገው ነገር ከባድ አይደለም፣ አሰልቺ ነው እንጂ። ቆሻሻው በቀኑ ይነሣ፣ ክዳን ያለው ገንዳ ይቀመጥ። ሉካንዳው አጥንቱን ሜዳ ላይ አይጣል። ኮንትራክተሩ ለዘበኛ ደመወዝ ሲመድብ ውሻውንም ይቁጠር፣ ሲጨርስም ይዞት ይሂድ ወይም አስከትቦና አምክኖ ያስረክብ። ኮሚቴው ለመርዝ የሚያዋጣውን ብር ይዞ የእንስሳት ሐኪም ይጥራ፤ በአንድ ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ውሻ ይከተባል። ለመያዙ ችግር የለም፣ ዳቦ የሚሰጧቸው ልጆች ስማቸውን ሁሉ ያውቃሉ።

የሚቀጥለው ስብሰባ በወሩ መጨረሻ ነው። እኚያ አባት እንደሚመጡ እርግጠኛ ነኝ። እኔም እሄዳለሁ፣ ጭብጨባም አልጠብቅም። አንድ ጥያቄ ብቻ አነሣለሁ፦ መርዙን ለመግዛት በነፍስ ወከፍ ስንት ብር ነው ያሰባችሁት?