«በዚህ ክፍያ ልጄን አናጺ ልታደርጉት ነው?»

ጥያቄው የእኔ አይደለም። ሰሞኑን በአንድ የግል ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ አባት ተነሥተው የተናገሩት ነው። ትምህርት ቤቱ ለኬጂ ልጆች ትንሽ የእንጨት ሥራ ጥግ ሊከፍት አስቦ ነበር። ዝቅ ያለች ጠረጴዛ፣ እንጨት ጨምቆ የሚይዝ አንድ ሁለት ሞርሳ፣ ትንንሽ መዶሻ፣ መጋዝ፣ ኮላ፣ ብርጭቆ ወረቀት። ይኸው ነው። አባትየው እንዲህ ሲሉ አዳራሹ አጨበጨበ። ርእሰ መምህሩም ጭብጨባው ወዴት እንደሆነ አይተው ዕቅዱን እዚያው ሰረዙት። ልጄ እዚያ ነው የሚማረው፣ ስለዚህ እኔንም ያገባኛል።

ሌላው የተነሣው ምክንያት «ይጎዳሉ» የሚል ነበር። እሺ። የአምስት ዓመት ልጅ በትንሽ መዶሻ ጣቱን ቢመታ ጣቱ ይቀላል፣ ያለቅሳል፣ ይረሳዋል። ይህንን የፈሩት ወላጆች ግን ጠዋት ልጃቸውን ጋቢና ውስጥ ያለ ቀበቶ አቁመው ነው ያመጡት። በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ቤት ሲገባም ከሰል ላይ ጀበና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ ኳስ ይጫወታል። ለዚያ ግን ስብሰባ አልተጠራም።

ደግሞ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሌላ ሰፈር ያለች አንዲት የኬጂ መምህርት ስታሠራ አይቻለሁ። እንጨቱን ከቤት ዕቃ ሠሪዎች ነው የምትለምነው፣ የዋንዛና የግራቪሊያ ቁርጥራጭ። ባሕር ዛፍ አትቀበልም፣ ይሰነጠቃል፣ ምስማርም እሺ ብሎ አይገባበትም። ምስማሩን ልጁ በጣቱ አይዘውም፣ በልብስ መቆንጠጫ ነው ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው። መዶሻው ቢስት መቆንጠጫውን ያገኛል። ለመጋዝ ደግሞ እንጨቱ ሞርሳ ላይ ይታሰርና ልጁ ሁለቱንም እጁን እጀታው ላይ ያደርጋል። ሁለቱም እጅ እዚያ ካለ ጥርሱ ጋ የሚሄድ እጅ የለም። አንዲት ልጅ ምስማሯ ሲጣመም አላለቀሰችም፣ «ሚስ፣ ጉጠት!» አለች። ነቀለችው፣ ድጋሚ ሞከረች፣ እንደገና ተጣመመ፣ እንደገና ነቀለች። በዎርክሺት ላይ ተሳስቶ ተረጋግቶ ድጋሚ የሚሞክር የአምስት ዓመት ልጅ እስቲ አሳዩኝ። እዚያ ቀይ ኤክስ ይደረግበትና ያልፋል።

አሁን ወደ አባትየው። «ሐኪም እንዲሆንልኝ ነው የምከፍለው» ነው ያሉት፣ ቃል በቃል። ጌታዬ፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው ያውቃሉ? የሐኪሙ መሣሪያ ሲዘረጋ መዶሻ አለ፣ መጋዝ አለ፣ መሰርሰሪያ አለ፣ መሮ አለ፣ ብሎንና ካቻቢቴ አለ። ልጅዎ እሰየው፣ ሐኪም ይሁንልዎ። ያኔ መጋዝ የሚይዘው ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ጭን ላይ እንዲሆን ነው የሚፈልጉት? ጥርስ ሐኪምም ቢሆን ያው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲሰረስርና ሲሞርድ ነው የሚውለው። በእጅ የማይሠራ ሕክምና ከፈለጉ ፋይል ክፍል ይቅጠሩት።

ግን ነገሩ ጉዳትም ሕክምናም አይደለም። ነገሩ ንቀት ነው። «አናጺ» የሚለውን ቃል ሲናገሩ ከንፈራቸው እንዴት እንደተጣመመ የፊት ረድፍ ላይ የነበረ ሁሉ አይቷል። ይህ ንቀት ደግሞ ዛሬ የመጣ አይደለም። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸዋል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ፣ ገበሬውን አፈር ገፊ እያሉ መስደብ ይቅር ነበር ያሉት። ንጉሥ አዋጅ አስነግሮ ያልነቀለውን ነገር እኛ ሱፍ አልብሰን፣ ሽቶ ቀብተን፣ ወላጅ ስብሰባ ላይ አመጣነው። ድሮ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናት ብለን ከቤቷ ደጃፍ እንሸሽ ነበር፣ እንስራዋን ግን እንገዛለን። ዛሬም ያው ነን። ተግባረ ዕድ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያ ሲያወጣ እኛ የ10ኛ ክፍል ነጥብ ያልመጣለትን ልጅ «በቃ ቴክኒክና ሙያ ይግባ» እንል ነበር፣ እንደ ቅጣት። ከዚያ ቤት ስንሠራ፣ የቁም ሳጥኑ በር አልገጥም ሲል፣ መሳቢያው ሲጣበቅ፣ ፊኒሺንጉ ሲያሳፍር፣ «በዚህ አገር ጎበዝ አናጺ ጠፋ!» ብለን እንጮሃለን። ከየት ይምጣ? እስኳድራ፣ የአናጺን የማዕዘን መለኪያ፣ ማየት የሚያሳፍረው ቤት ውስጥ ያደገ ልጅ እንጨት ሲጠም ዐይኑ አያይለትም። የሚመጣው ሌላ አማራጭ ያጣው ነው፣ እሱም ሙያውን የሚማረው የእናንተው ሳሎን ላይ እየተለማመደ ነው። ንቀታችሁ ነው በሩን ያጣመመው!

የሚያስቀው ደግሞ የዚሁ ትምህርት ቤት በር ላይ ያለው ጽሑፍ «ሞንቴሶሪ» ይላል። ጣሊያናዊቷ የሕፃናት ትምህርት ሊቅ ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት ስትከፍት ልጆቹ የእውነት ዕቃ እንዲይዙ አድርጋለች፣ የሚሰበር ሳህን፣ የሚሰበር ብርጭቆ። ስሟን ለጥፎ ሥራዋን ማባረር ምን ይባላል? ሁሉም ሰው በትምህርት ጉዳይ አፉን ሲከፍት የሚጠቅሳት ፊንላንድም የእጅ ሥራን በትምህርት ቤቶቿ ግዴታ ያደረገችው በ1866 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬም ከ1ኛ እስከ 7ኛ ክፍል ግዴታ ነው። እኛ ከፊንላንድ የወሰድነው ስሟን ብቻ ነው መሰለኝ።

እዚህም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሙያና ቴክኒክ ትምህርትን 7ኛ እና 8ኛ ክፍል ላይ አስገብቷል፣ ጥሩ ነው። ግን 13 ዓመት ሙሉ እርሳስና ስልክ ብቻ ይዞ የኖረ ልጅ መላጊያን በመጽሐፍ ሥዕል ቢያየው ምን ይገባዋል? ሸምድዶ ይፈተናል፣ ኤ ያመጣል፣ ምስማር መምታት ግን አይችልም።

አንድ ነገር ልቀበል። 60 ልጅ በታጨቀበት ክፍል፣ ያልሠለጠነች አንዲት መምህርት መጋዝ ታድል አልልም። እብድ አይደለሁም። ይህ ትምህርት ቤት ግን በየክፍሉ ረዳት አለው፣ ግቢ አለው፣ ክፍያውንም ሁላችን እናውቀዋለን። በአንድ ጊዜ አራት ልጅ ጠረጴዛው ላይ፣ ሌላው ከረዳቷ ጋር ሌላ ነገር ይሥራ። ይህን ማቀድ የሚያቅተው ርእሰ መምህር የስፖርት ክፍለ ጊዜንስ እንዴት ያቅዳል?

መጨረሻ ላይ አንዲት እናት «ወጪውስ?» አሉ። ለጥቂት መዶሻ፣ ለሞርሳና ለምስማር ማለታቸው ነው፣ እንጨቱ እንደሆነ በነጻ ይገኛል። ያው ሰኔ ላይ የስድስት ዓመት ሕፃን ጋውንና ቆብ ለብሶ ከኬጂ «ሲመረቅ» ለኪራዩ፣ ለፎቶው፣ ለቪዲዮው፣ ለኬኩ ስንት እንደከፈልን ሁላችንም ደረሰኙ አለን። ያን ቀን ወጪውስ ያለ ወላጅ አልሰማሁም።