ማሳ ያጣች ቮልስ

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ላይ የቆመች ቮልስ የመንደር ንብረት ናት። ባለቤቱ የኋላ ኮፈኗን ገና ሳይከፍት ሦስት መርማሪና አንድ ዳኛ ከየት መጡ ሳይባል ይከቧታል። «ጋሼ፣ ነዳጅ ጨርሳ እንዳይሆን?» ይላል አንዱ። «ካርቡራተሯ ነው» ይላል ሁለተኛው፤ ለእሱ የመኪና በሽታ ሁሉ ካርቡራተር ነው። ሦስተኛው ሳይጠየቅ ካንዴላ መንቀል ጀምሯል። ዳኛው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ «ድሮስ! ፑንቲናዋን አውጥታችሁ ኤሌክትሮኒክስ የከተታችሁባት ዕለት ነው ያበቃላት» ብሎ ይፈርዳል።

ፍርዱ ግማሽ እውነት አለው። ፑንቲና፣ ማለትም የኮይሉን ኮረንቲ እየዘጋና እየከፈተ የካንዴላውን እሳት የሚያስነሳው መገናኛ፣ ቻይ ነው፤ ኮረንቲው ቢያንስም እንደ ምንም እሳት ይሰጣል። በቦታው የገባችው ትንሿ ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ግን ቀበጥ ናት። የተለመደችው ዓይነት ሁለት ሽቦ ብቻ ነው ያላት፦ ቀዩ ወደ ኮይሉ (የባትሪውን ቮልት ለእሳት ከፍ የሚያደርገው) 15 ቁጥር፣ ጥቁሩ ወደ 1 ቁጥር። የኮረንቲ መመለሻዋ ግን የራሱ ሽቦ የለውም። ከታሰረችበት ሳህን ወደ ዲስትሪቢውተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) አካል፣ ከዚያ ወደ ሞተሩ፣ ከሞተሩ ወደ ካምቢዮው፣ ከካምቢዮው በተጎነጎነ የብረት ገመድ ወደ ቦዲው፣ ከቦዲው በሌላ ገመድ ኋላ ወንበር ሥር ወዳለው ባትሪ ኔጌቲቭ። መካኒኮች ይህን ሁሉ መንገድ «ማሳ» ይሉታል። የገበሬ ማሳ ከሩቅ ይታያል፤ የመካኒክ ማሳ ግን ትዝ የሚለው ሲጠፋ ነው።

ነገሩ ከዕቁብ አይለይም። የወሰደው ካልመለሰ ለቀጣዩ አይደርሰውም። እኛ ግን ሰብሳቢውን ነው የምንጠረጥረው፦ መጀመሪያ ባትሪው ይቀየራል፣ ቀጥሎ ኮይሉ፣ በመጨረሻ ሞጁሏ። በየቅያሬው አንድ ገመድ ስለሚነካካ ዝገቱ ትንሽ ይፋቅና መኪናዋ ሁለት ቀን ትነሳለች። በእነዚያ ሁለት ቀናት መካኒኩ ይመረቃል።

ከሁሉ የከፋው ለሠርግ የተቀባች ቮልስ ናት። ቀለም ኮረንቲ አያሳልፍም። ቀቢው የገመዱን መቀመጫ፣ ብሎኑንም ዳዶውንም አንድ ላይ አንቆጥቁጦት ይሄዳል፤ ሙሽሮቹ አበባ በተጣለባት መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሚዜዎች ይገፋሉ።

በሽታው የራሱ ጠባይ አለው። ሞተሩና ካምቢዮው የተቀመጡት ኮረንቲ በማያሳልፍ የጎማ ትራስ ላይ ስለሆነ ከቦዲው ጋር የሚያገናኛቸው ዋና ነገር ያ ካምቢዮው አፍንጫ ላይ ያለው ገመድ ነው። እሱ ሲበላ፣ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) የሚስበው ከመቶ አምፒር የሚበልጥ ኮረንቲ መመለሻ ፍለጋ በሰው ግቢ ያቋርጣል፦ የነዳጅ መርገጫውንና የፍሪሲዮኑን ገመድ ይዞ ይመለሳል። ቁልፍ ሲዞር የነዳጁ ገመድ የሚሞቅ ከሆነ ካርቡራተሩን ተዉት። ሌላም ምልክት አለ። ሞተሪኖው ሲዞር አትነሳም፤ ተስፋ ቆርጠው ቁልፉን ሲለቁት ግን ትነሳለች። ተመልካቹ ጸሎት ሰመረ ይላል። የሆነው ግን ሞተሪኖው ሲዞር ማሳው ላይ ይባክን የነበረው ቮልት፣ ቁልፉ ሲለቀቅ፣ ሞተሩ ገና መሽከርከሩን ሳያቆም ለሞጁሏ መድረሱ ነው።

ብዙ ሰው ቴስተር ይዞ ኦም (ገመዱ ኮረንቲን ምን ያህል እንደሚያግድ) ይለካና «ዜሮ ነው፣ ማሳው ደህና ነው» ይላል። በአንድ ክር የተንጠለጠለ ገመድም ዜሮ ኦም ያሳያል፤ ሸክም እስኪመጣበት ድረስ ሁሉ ሰላም ነው የሚል ሽማግሌ ነው። መለካት ያለበት በሥራ ላይ እያለ ነው። ቴስተሩ ዲሲ ቮልት ላይ ይሁን፤ አንዱ ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ የእርሳስ ጉጥ ላይ (ማሰሪያው ላይ አይደለም፣ እሱም ተጠርጣሪ ነው)፣ ሌላው የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ። ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። ከ0.3 ቮልት በታች ከሆነ መልካም፤ ከ0.5 ካለፈ ገመዱ ሌባ ነው። ቀጥሎ ቁልፉን ከፍቶ የዲስትሪቢውተሩን ሳህን መለካት፤ እዚህ 0.2 እንኳ ይበዛል። ግን ፈጠን ነው፤ ሞተሩ ቆሞ ቁልፉ ለደቂቃዎች ተከፍቶ ከቆየ ሞጁሏም ኮይሉም ሊቃጠሉ ይችላሉ። ቴስተር የሌለው አንድ የባትሪ ማስነሻ ገመድ ከኔጌቲቩ ወደ ሞተሩ ብረት ይዘርጋ። ከተነሳች ምርመራው አለቀ።

ጥገናው የኔጌቲቩን ማሰሪያ በመፍታት ይጀምራል። ገመዶቹ ይፈታሉ፣ መቀመጫቸው ብረቱ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ጥርስ ያለው ሮንዴላ ይገባል፣ ከጠበቀ በኋላ ላዩ ላይ ግሪስ። የተበጣጠሰ ገመድ ይጣል እንጂ አይጠቀለል። ቫኪዩም ባለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ሳህኑን ከአካሉ የምታያይዝ ቀጭን ሽቦ አለች፤ ሳህኑ ሲመላለስ ትበጠሳለች። በእሷ ቦታ ለስላሳ ባለብዙ ክር ሽቦ ይግባ፤ ላላ ይበል፣ ካልሆነ ሳህኑን ይይዘዋል። እግረ መንገድ ኮይሉ በ4 ሲሊንደር ላይ ከ3 ኦም እንዳያንስ ማየት ነው። መኪናዋ ከድሮዎቹ ባለ 6 ቮልት ከሆነች ደግሞ የ12 ቮልት ሞጁል መጀመሪያውኑ አይሆናትም።

ይህ ሁሉ የአንድ ገመድ ዋጋና ግማሽ ቀን ሥራ ነው። ችግሩ ሒሳቡ ላይ ነው። «ምን ቀየርክ?» ይላል ባለቤቱ። «ዝገት ፋቅኩ።» «ለመፋቅ ነው ይሄን ሁሉ የምትጠይቀኝ?» ባለፈው ወር ለማይረባ ኮይል ሳይከራከር የከፈለው እሱው ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው መካኒክ ማሳውን ፍቆ ከጨረሰ በኋላ የኮይል ባዶ ካርቶን ሞተሩ አጠገብ አስቀምጦ ባለቤቱን ይጠራል።