እርማት፦ የጂዚፕስትሪም «ራይትኤሲንክ» ዳታውን ከበስተጀርባ አይጨምቅም

ጂዚፕስትሪም (GZipStream፣ ዳታን በጂዚፕ ቅርጸት የሚጨምቀው የዶትኔት መሣሪያ) እንዴት እንደሚሠራ ሲጠየቁ፣ «ራይትኤሲንክን (WriteAsync፣ የመጻፊያ ትእዛዙን) ከጠራህ ዳታው የሚጨመቀው ከበስተጀርባ ነው፤ በፍላሽኤሲንክ (FlushAsync፣ የተጠራቀመውን ገፍቶ በሚያወጣው ትእዛዝ) ደግሞ ፋይሉ ይጠናቀቃል» ብለው ለጠያቂው የመለሱት በሁለቱም በኩል ትክክል አይደለም። ስሙ ስላሳሳተዎት አልፈርድብዎትም፤ እኔንም ለረጅም ጊዜ አሳስቶኛል።

በዘመናዊው ዶትኔት ጂዚፕስትሪም ላይ የመጭመቁ ስሌት የሚጀምረው ጥሪውን ባደረገው በዚያው ትሬድ (የፕሮግራሙ የሥራ መስመር) ላይ ነው። ኤሲንክ (ትሬዱን ሳያስጠብቅ የሚካሄድ) የሆነው የተጨመቀውን ባይት ከሥር ወዳለው ስትሪም፣ ማለትም ወደ ፋይሉ ወይም ወደ ኔትወርኩ መላኩ ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ሜጋባይት በአንድ ጥሪ ቢሰጡት፣ አዋይት (ትሬዱን ሳያግዱ የመጠበቂያ ቃል) ቢጽፉበትም እንኳ የዴስክቶፕ ፕሮግራምዎ መስኮት ድርቅ ሊል ይችላል። እንዲህ ያለውን ሥራ በታስክ ራን ወደ ሌላ ትሬድ ማዛወር ይቻላል። (ሰርቨር ላይ ግን እምብዛም አይጠቅም፤ ድካሙ የሚወድቀው በዚያው ሲፒዩ ላይ ነው።)

የፍላሹ ነገር የባሰ ነው፤ ዳታ ያስጠፋልና። በጂዚፕ ፋይል መጨረሻ 8 ባይት አለ፦ 4ቱ የሲአርሲ32 ማረጋገጫ፣ 4ቱ ያልተጨመቀው ዳታ መጠን። እነዚህ የሚጻፉት ስትሪሙ ሲዘጋ እንጂ ፍላሽ ሲደረግ አይደለም። ሳይዘጉት ባይቶቹን ከሜሞሪስትሪም (በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ ካለ ስትሪም) ቢወስዱ ጅራቱ የተቆረጠ ፋይል ይዘው ይቀራሉ።

አዘጋጉንም ቢሆን ከዶትኔት ኮር 3.0 ጀምሮ በ«አዋይት ዩዚንግ» (ስትሪሙን በኤሲንክ በሚዘጋው አጻጻፍ) ያድርጉት። በተራው ዩዚንግ ከዘጉት የመጨረሻው ጽሕፈት ሲንክ (ትሬዱን የሚያስጠብቅ) ይሆናል፤ ኬስትረል (የዶትኔት ዌብ ሰርቨር) ደግሞ ካልተፈቀደለት በቀር በምላሹ ላይ ሲንክ ጽሕፈትን ስለሚከለክል የዌብ ጥያቄው በስህተት ይቋረጣል።