ማስተካከያ፦ በላይ ዘለቀን የሰቀለው ጣሊያን አይደለም

ባለፈው ሳምንት በወጣው የአርበኞች መታሰቢያ ጽሑፌ፣ በላይ ዘለቀ «በጣሊያን እጅ ተሰቅሎ ሞተ» ብዬ ነበር። ስህተት ነው፤ አንባቢዎችን ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጣሊያን ሊይዘው አልቻለም። በፈረስ ስሙ አባ ኮስትር የሚባለው በላይ የወረራውን ዓመታት በጎጃም በረሃዎች ተዋግቶ፣ በ1933 ዓ.ም. ድሉን በዓይኑ አይቷል። በውጊያው ዘመን «ደጃዝማች» ብዬ መጥራቴም ልክ አልነበረም፤ ማዕረጉን ከንጉሠ ነገሥቱ ያገኘው ከነጻነት በኋላ ነው። ከዚያ ከመንግሥት ጋር ተቃቅሮ ተያዘ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ከእስር አምልጦ እንደገና ተያዘ። በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሰቀለው ደሙን ያፈሰሰለት የገዛ አገሩ መንግሥት ነው። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበር።

ስህተቱን የነገሩኝ አንድ የብቸና አዛውንት ናቸው። ስልኩን እንዳነሣሁ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «ልጄ፣ ጣሊያንማ ገድሎት ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልቆጨን» አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉ። የትንፋሻቸው ድምፅ ብቻ ይሰማኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዘመን የኖረ ቁጭት በአንድ የተሳሳተ ዐረፍተ ነገር መሸፈኔ ከሁሉ በላይ አሳዝኖኛል። ጽሑፉ ዛሬ ታርሟል።